ቲቪ ቦክስን በፍላሽ ሩት ማድረግ፦ የውስጥ ሚሞሪውን ሳትነኩ

ተበላሽቶ ይዘውልኝ የሚመጡት ቦክስ ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው። ከቴሌግራም የሆነ ፋይል ይወርዳል። ፍላሽ ላይ ኮፒ ይደረጋል። ፍላሹ ቦክሱ ላይ ይሰካል። ከዚያ ሜኑ ውስጥ «አፕግሬድ» የሚል ነገር ፍለጋ፣ ልክ እንደ ሪሲቨር። አንዳንዱ ምንም አይመጣለትም፤ እሱ ዕድለኛ ነው። ሌላው የሌላ ቦክስ ሶፍትዌር ይጭንና ቀይ መብራት ብቻ ይቀርለታል።

ቲቪ ቦክስ ሪሲቨር አይደለም። ፍላሽ ላይ ፋይል ኮፒ ማድረግና ፍላሽ ላይ ሲስተም መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቦክሱን የውስጥ ሚሞሪ መንካት ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም። እዚህ የምንሠራው ኮርኤሌክ የሚባለውን ሲስተም ፍላሽ ላይ ጽፈን ቦክሱ ከፍላሹ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ኮርኤሌክ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ነው፤ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ነው፤ ከጀርባው ሩት ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ሆናችሁ ትገባላችሁ። ፍላሹ ሲነቀል የድሮው አንድሮይድ እንደነበረ ይነሳል።

ከወዲሁ እንግባባ። የምታገኙት ሩት የኮርኤሌክን እንጂ የአንድሮይዱን አይደለም። የአንድሮይድ አፕ ኮርኤሌክ ላይ አይጫንም። ኔትፍሊክስ የምታዩ ከሆነ ለእሱ ወደ አንድሮይዱ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቺፑን ለዩ

ይህን የዘለለ ሰው ነው ሦስት ቀን የሚደክመው።

1. አንድሮይዱ ላይ ሲፒዩ-ዜድ ወይም አይዳ64 የሚባለውን አፕ ጫኑና የቺፑን ስም አንብቡ።
2. ስሙ አምሎጂክ ካልሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ኮርኤሌክ የሚሠራው በአምሎጂክ ብቻ ነው። ሮክቺፕና ኦልዊነር ላይ አይነሳም።
3. አምሎጂክ ከሆነ ሙሉ ቁጥሩን ጻፉ። ኤስ905 ኤክስ2፣ ኤስ905 ኤክስ3፣ ኤስ922 ኤክስ የአንድ ወገን ናቸው። ኤስ905 ኤክስ4 ሌላ ነው። የድሮዎቹ ኤስ905፣ ኤስ905 ኤክስ፣ ኤስ905 ደብሊውና ኤስ912 ደግሞ ሌላ። ኤስ905 ደብሊውና ኤስ905 ደብሊው2 ስማቸው ቢመሳሰልም አንድ አይደሉም።
4. የራሙን መጠን ጻፉ።
5. ሴቲንግ ውስጥ «ስለ መሣሪያው» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሱ። ይህ ፎቶ ነገር ሲበላሽ ያድናችኋል።

ማሸጊያውን አትመኑ። 4 ጊጋ ራም ተብሎ 2 የሆነ ቦክስ በየሱቁ ሞልቷል። በአንድ ስም፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን፣ ውስጡ ግን የተለያየ ቺፕ ያለው ሞዴልም አለ፤ ኤምኤክስኪው ፕሮ የሚባለው በዚህ የታወቀ ነው። አፑም ቢሆን ሊዋሽ ይችላል፤ ምክንያቱም ቁጥሩን የሚቀበለው ከአንድሮይዱ ነው። ካልገዛችሁ መርካቶም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ሻጩን «እዚሁ ሰክተህ አሳየኝ» በሉት። ከገዛችሁና ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ ቦርዱን እዩ። እግረ መንገዳችሁን ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ፎቶ አንሱ።

እንደ ፋየር ስቲክ ያሉ በፋብሪካ የተቆለፉ ዕቃዎችም በዚህ መንገድ አይከፈቱም።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ፣ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ከነካርድ ሪደሩ፣ የዩኤስቢ ማውስ፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ አንድ የእንጨት ስቲኪኒ። ከተቻለ የኔትወርክ ገመድም ይኑር።

የፍላሹ መጠን 8 ጊጋ ይበቃል። ምርጫ ካላችሁ ግን ሚሞሪ ካርድ ይሻላል። ብዙ ቦክስ ከካርድ ሲነሳ ችግር የለበትም፤ ከዩኤስቢ ሲሆን ፍላሽ ያማርጣል።

ፍላሹን ፈትኑት። ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ላይ 64 ጊጋ የተባለ ፍላሽ ገዝቼ ስፈትነው 8 እንኳን በቅጡ አልሞላም። ዋጋው ነገሩን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። መፈተኛው ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ፍላሹን በፋይል ይሞላና መልሶ ያነበዋል። ስህተት ካገኘ ፍላሹን ለዘፈን አድርጉት።

አሁን ስለ መብራት። ዊንዶውሱ ፍላሹ ላይ እየጻፈ እያለ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ሥራው እንደገና ነው። ለቦክሱ ሁነኛው መፍትሔ ለዋይፋይ ራውተር የምንገዛው ሚኒ ዩፒኤስ ነው። ነገር ግን ከመሰካታችሁ በፊት የቦክሱን አዳፕተር አንብቡ። አብዛኛው ቦክስ የሚፈልገው 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ነው። ሚኒ ዩፒኤሱ 5፣ 9 እና 12 ቮልት መውጫ ይኖረዋል፤ ጫፉ ደግሞ ሁሉም ጋ ይገባል። እኔ በጨለማ የ12ቱን 5 ቮልት ቦክስ ላይ ሰክቼ በአንድ ሰከንድ አቃጥያለሁ። ጭስ እንኳን አልነበረውም፤ ሽታ ብቻ።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ፋይል አውርዱ

1. ፋይሉን ከኮርኤሌክ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። መጠኑ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ ጥቅል ገዝታችሁ ጀምሩ።
2. ለኤስ905 ኤክስ2፣ ኤክስ3 እና ኤስ922 ኤክስ በስሙ ውስጥ «ኤን-ጂ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉበትን ያዙ። ኤስ905 ኤክስ4 ከሆነ ከሥሪት 21 ጀምሮ «ኤን-ኦ» የሚለው ነው።
3. በስሙ መጨረሻ «ጀነሪክ» የሚለውን ምረጡ። በኦድሮይድ ስም የተዘጋጁት ለሌላ ቦርድ ናቸው።
4. የድሮ ቺፕ ካላችሁ የመጨረሻው ሥሪታችሁ 9.2.8 ነው። ከዚያ በላይ አትሞክሩ። ውስጡ ያለው ኮዲ 18 ስለሆነ አዳዲስ አድ-ኦኖች (ኮዲ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አይገቡለትም፤ ኮዲ ከ19 ጀምሮ ወደ ፓይተን 3 ዞሯል። ፊልም ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ ለማየት ግን እስካሁን ጎበዝ ነው።

ከቴሌግራም ቻናል ፈርምዌር (የቦክሱን ዋና ሶፍትዌር) አትውሰዱ። ለማስፈራራት አይደለም። በሰኔ 2025 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካው ኤፍቢአይ ርካሽ የቲቪ ቦክሶችን ጨምሮ ብዙ የቤት ዕቃዎችን ስለያዘ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ተንኮል አዘል ሶፍትዌር አስጠንቅቋል። አንዳንዱ ቦክስ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተበክሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስም የሌለው ቦክስ አንድሮይድ ላይ ዋናውን ጂሜይላችሁን አታስገቡ።

ደረጃ 4፦ ፍላሹ ላይ ጻፉ

1. ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱ። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።
2. ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ።
3. የወረደውን ፋይል እንዳለ ምረጡ። የተጨመቀ ቢሆንም አትፍቱት፤ ሁለቱም ፕሮግራሞች ራሳቸው ይፈቱታል።
4. የፍላሹን ስም ሁለቴ አረጋግጡ። የሠርግ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ ጎን ለጎን ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ንቀሉት።
5. ጀምሩ። እስኪጨርስ ጠብቁ።
6. ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

እዚህ ላይ ዊንዶውስ «ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አለብህ» ይላችኋል። ካንስል በሉት። አደራ። ፍላሹ አሁን ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ኮርኤሌክ የሚል ስም ያለው፣ ዊንዶውስ የሚያነበው ነው። ሌላው የሊኑክስ ስለሆነ ዊንዶውስ ባዶ ይመስለዋል። እሺ ያላችሁ እንደሆነ የጻፋችሁትን ራሳችሁ አጠፋችሁት። «ፍላሹ አልነሳም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሳቱት።

የክፍሉን ስምም አትቀይሩ። ሲስተሙ ሲነሳ ራሱን የሚፈልገው በዚያ ስም ነው።

ደረጃ 5፦ የዲቲቢ ፋይሉን አስተካክሉ

ዲቲቢ ማለት ቦክሱ ላይ ምን እንዳለ ለሊኑክሱ የሚነግር ትንሽ ፋይል ነው። ራሙ ስንት፣ ዋይፋዩ በየት በኩል፣ የኔትወርክ ገመዱ ፍጥነት ምን ያህል። ያለዚህ ፋይል ቦክሱ ሎጎ ላይ ቆሞ ይቀራል።

1. ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ የፋይል ስም ኤክስቴንሽን እንዲታይ አድርጉ። ይህን አትዝለሉ።
2. ኮርኤሌክ የሚለውን ድራይቭ ክፈቱ። «ዲቫይስ ትሪስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡ።
3. ቺፓችሁንና ራማችሁን የሚጠራውን ፋይል ፈልጉ። ለምሳሌ ኤስ905 ኤክስ3 ከ4 ጊጋ ራም ጋር ከሆነ ሁለት ታገኛላችሁ። አንዱ ዝም ብሎ 4ጂ የሚል፣ ሌላው 1ጂቢት የሚል የተጨመረበት። ሁለተኛው የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳው ጊጋቢት ለሆነ ቦክስ ነው። ርካሽ ከሆነ የመጀመሪያውን ያዙ።
4. ኮፒ አድርጉት። አታንሱት፤ ዋናው እዚያው ይቆይ።
5. ከፎልደሩ ወጥታችሁ ድራይቩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ፔስት አድርጉ።
6. ስሙን በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ዲ-ቲ-ቢ፣ ነጥብ፣ አይ-ኤም-ጂ አድርጉት።
7. «ሴፍሊ ሪሙቭ» አድርጋችሁ ንቀሉ።

ኤክስቴንሽኑ ተደብቆ ከነበረ ፋይሉ መጨረሻው ላይ ሁለት ስም ይይዛል። ስታዩት ልክ ነው፤ ቦክሱ ግን አያገኘውም። አንዱን ቦክስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያገላበጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 6፦ ስቲኪኒው

ቦክሱ ፍላሽ ስለተሰካበት ብቻ ከፍላሽ አይነሳም። አንድ ጊዜ ሊነገረው ይገባል። የሚነገረው በሪሴት ቁልፍ ነው። ቁልፉ በብዙ ቦክሶች ላይ የኤቪ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ተደብቋል። በሌሎቹ ከሥር በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

1. የቦክሱን ኃይል ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም።
2. ከኤችዲኤምአይና ከማውስ በቀር ሌላውን ሁሉ ንቀሉ።
3. ፍላሹን ወይም ካርዱን ሰኩ።
4. ስቲኪኒውን አስገብታችሁ ጫኑ። ቀጭ የሚል ይሰማል። መርፌ ወይም ሽቦ አትጠቀሙ።
5. እንደተጫነ አዳፕተሩን ሰኩ። ሦስተኛ እጅ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ የሰፈር ልጅ ጥሩ።
6. የኮርኤሌክ ሎጎ እንደመጣ ልቀቁ። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ይህ የሚደረገው አንዴ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ቦክሱ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ፍላሹን ያያል፤ ከሌለ ወደ አንድሮይዱ ይሄዳል።

ቁልፍ የሌለው ቦክስ ከሆነ አንድሮይዱ ውስጥ «አፕዴት» የሚል አፕ ፈልጉ። «ሎካል አፕዴት» በሉና ፍላሹ ላይ ያለውን በዚፕ የሚያልቀውን ፋይል ምረጡ። ፋይሉ ውስጡ ምንም የለም፤ ቦክሱ ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን እንዲያይ ማታለያ ነው።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው መነሳት

መጀመሪያ የፍላሹን ቀሪ ቦታ ያሰፋል። ከዚያ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ስክሪኑ ጨለመ ብላችሁ አትንቀሉ። ፍላሹ ደካማ ከሆነ ደቂቃዎች ይወስዳል። ቡና እስኪፈላ ተዉት።

በኋላ የመግቢያ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ዋይፋይ ምረጡ፣ ፓስዎርድ አስገቡ። ኤስኤስኤች የሚለውን አብሩት፤ ከላፕቶፑ ሩት ሆናችሁ የምትገቡት በእሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሩት ሆናችሁ ግቡ

1. ኮዲ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ገብታችሁ አይፒ አድራሻውን ጻፉ። እግረ መንገዳችሁን ራሙን እዩ፤ ሻጩ እውነቱን ይሁን ውሸቱን የምታውቁት እዚህ ነው።
2. ላፕቶፑን በዚያው ዋይፋይ ላይ አድርጉ። ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ አይፒውን አስገቡ።
3. የተጠቃሚ ስሙ ሩት፣ ፓስዎርዱ ኮርኤሌክ ነው፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል። ስትጽፉ ፓስዎርዱ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ተበላሽቶ አይደለም።
4. ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ፓስዎርዱን መቀየር ነው። ከኮርኤሌክ ሴቲንግ፣ ሰርቪስስ ከሚለው ውስጥ ይቀየራል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋይፋዩን አራት ቤት የሚጋራው ከሆነ ይህን ለነገ አትበሉ። ያንን ፓስዎርድ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

ሩት ብትሆኑም ዋናው ሲስተም አይጻፍበትም፤ የሚጻፍበት «ስቶሬጅ» የሚለው ክፍል ብቻ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ በስህተት አጥፍታችሁ ቦክሱን መግደል ይከብዳችኋል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ከኮርኤሌክ ሴቲንግ «ባካፕ» ፍጠሩ። ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ ገልብጡት። ፍላሽ ይሞታል።

የእኛ አገር ማስተካከያዎች

ሰዓት። ሰዓቱን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩ። እነዚህ ቦክሶች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቦክሱ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል፤ ቀኑም የተሳሳተ ይሆናል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችና አድ-ኦኖች «ሰርተፊኬት» እያሉ ይጮሃሉ። ከኔትወርክ ሴቲንግ «ኮዲ ከመጀመሩ በፊት ኔትወርክ ጠብቅ» የሚለውን አብሩ።

የአማርኛ ሰብታይትል። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፎንት ነው የጎደለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት አውርዱ። ዊንኤስሲፒ በሚባለው ፕሮግራም ሩት ሆናችሁ ግቡና ኮዲ ፎልደር ውስጥ፣ ሚዲያ ሥር፣ ፎንትስ የሚለው ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ከሰብታይትል ሴቲንግ ፎንቱን ምረጡ።

ሲበላሽ

አንድሮይዱ ተነሳ። ቁልፉን ቶሎ ለቃችኋል ወይም ፍላሹ አልተነበበም። በሌላኛው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ፤ አንዳንድ ቦክስ ከአንዱ ብቻ ነው የሚነሳው። ካልሆነ ፍላሽ ቀይሩ።

የአንድሮይድ ሪከቨሪ (የጥገና ሜኑ) መጣ። ቁልፉን ከመጠን በላይ ይዛችኋል። «ዋይፕ» የሚል ነገር አትንኩ። ኃይሉን ነቅላችሁ እንደገና፤ አሁን ትንሽ ቶሎ ልቀቁ።

ሎጎ ላይ ቆመ፣ ወይም ስክሪኑ ጠቆረ። ዲቲቢው ነው። መጀመሪያ ስሙን እዩ። ልክ ከሆነ በዝቅተኛው ራም ሞክሩ፤ የ4ቱ ካልሠራ የ2ቱን።

ዋይፋዩ የለም። ርካሽ ቦክስ ላይ ሊኑክሱ የማያውቀው የዋይፋይ ቺፕ ይገጠማል። በገመድ ግቡ። ገመዱም ካልሠራ የዲቲቢውን 1ጂቢት ያለበትንና የሌለበትን ቀያይሩ።

ሪሞቱ አይሠራም። የተለመደ ነው። ለጊዜው ማውሱን ተጠቀሙ፤ ቲቪያችሁ ሲኢሲ (በኤችዲኤምአይ ገመድ የሪሞት ትእዛዝ ማስተላለፊያ) ካለው ደግሞ የቲቪው ሪሞት ራሱ ይሠራል። ስልክ ላይ ኮር የሚባለው የኮዲ አፕም አለ።

ከሳምንት በኋላ መነሳት አቆመ። መብራት ነው። እየጻፈ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ፍላሽ ይበላሻል። እንደገና ጻፉት፣ ባካፑን መልሱ።

ሁለት ፍላሽ ተሰክቶ ግራ ተጋባ። ሁለቱም ኮርኤሌክ ከሆኑ ቦክሱ ስማቸውን ያምታታል። አንዱን ንቀሉ።

ወደ ውስጥ ሚሞሪ መጫን

ሁሉም ሲሠራ አንድ ሰው «በቃ ውስጡ ልጫነው» ይላል። የሚጭን መሣሪያ አብሮ አለ። እኔ አልመክርም። ከጥሩ ሚሞሪ ካርድ ጋር ያለው የፍጥነት ልዩነት ፊልም ለሚያይ ሰው አይታወቅም፤ የሚጠፋው ግን አንድሮይዱ ነው።

ይህን መመሪያ ሳታዩ በፊት ውስጡን ነክታችሁ ቦክሱ የሞተ ከሆነ አንድ መንገድ አለ። አምሎጂክ ዩኤስቢ በርኒንግ ቱል የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ የዩኤስቢ ገመድ ያስፈልገዋል። ሪሴቱን ተጭናችሁ ቦክሱን ከላፕቶፑ ጋር ታገናኙና የፋብሪካውን ፈርምዌር ትጭናላችሁ። ፈርምዌሩ ከሞዴሉ ስም ጋር ሳይሆን ቦርዱ ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። ደረጃ 1 ላይ ያነሳችሁትን የቦርዱን ቁጥር ፎቶ አሁን አውጡ። የሚገጥም ፋይል ካላገኛችሁ «ተቀራራቢ» የሚባለውን አትጫኑ፤ ቦክሱን ትክክለኛው እስኪገኝ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት።